አንዱ አፍንጫ ብቻ ሲታፈን፦ ካንሰር ባልሆኑ የአፍንጫና የሳይነስ እጢዎች ላይ የሚፈጸሙ ስህተቶች

የጅማ ዝናብ ረጅም ነው። ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ እርጥበት ስለማይለየን አፍንጫው የታፈነ ሰው ሁሉ «ጉንፋን ነው»፣ ሰንበት ካለበት ደግሞ «ሳይነስ ነው» ይባላል፤ ብዙውን ጊዜም አባባሉ ልክ ነው። ይሁንና በአፍንጫቸው ወይም በሳይነሳቸው (በአፍንጫ ዙሪያ ባሉት የአጥንት ክፍተቶች) ውስጥ ካንሰር ያልሆነ እጢ እያደገባቸው በዚሁ ስም ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት የሚቆዩ ሰዎች አሉ፤ የሚዘገዩትም በቤት፣ በመድኃኒት ቤትና በጤና ተቋም በሚሠሩ፣ ሊታረሙ በሚችሉ ስህተቶች ምክንያት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት የታፈነው የትኛው ወገን እንደሆነ አለመጠየቅ ነው። ጉንፋንና አለርጂ ሁለቱንም የአፍንጫ ቀዳዳዎች በአንድነት ወይም በየተራ ይዘጋሉ፤ ከአለርጂና ከቆየ ብግነት የሚመጣው የተለመደው ፖሊፕም (ከአፍንጫ ውስጥ ሽፋን የሚያድግ ለስላሳ እብጠት) አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ወገን ይወጣል። እጢ ግን አንዱን ወገን ይዞ ይቀራል። ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም፤ አፍን ዘግቶ በቀዝቃዛ መስታወት ወይም በስልክ ገጽ ላይ በአፍንጫ ቀስ ብሎ መተንፈስ ይበቃል። ሁልጊዜ ጉሙ በአንድ ወገን ብቻ የሚታይ ከሆነ፣ በተለይም ደም የቀላቀለ ፈሳሽ፣ የጉንጭ መደንዘዝ፣ የዐይን ማልቀስ ወይም ወደ ውጭ መገፋት ካለ፣ አራተኛ ዙር አንቲባዮቲክ መጀመር ሳይሆን ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ በቀጭን ካሜራ መታየት ይገባል። ተራ የራጅ ፎቶ ለዚህ አይበቃም።

ሌላው ስህተት አፍንጫ በሚከፍት ጠብታ መደገፍ ነው። ጠብታው ከአንድ ሳምንት በላይ ከተወሰደ አፍንጫውን መልሶ ያሳብጠዋል፤ በዚህም መካከል ዋናው ሕመም ተሸፍኖ ይቆያል። ዳማከሴን ለምች አሽቶ ማሽተት የኖረ ልማዳችን ነው፤ የሚደማ አፍንጫ ውስጥ ጭማቂውን መጨመር ግን ሌላ ነገር ነው፤ «የበቀለውን ሥጋ» በእጅ ወይም በወረንጦ ለማውጣት መሞከርም እንዲሁ።

በወንድ ልጆች ላይ የሚፈጸመው ስህተት ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ወንድ ልጅ አንዱ አፍንጫው ታፍኖ ደጋግሞ ሲነስረው «ፀሐይ መታው» ይባልና ራሱን ወደ ኋላ ቀና አድርጎ ውኃ አናቱ ላይ ይፈስበታል። ራስ ወደ ኋላ ሲዘነበል ደሙ አይቆምም፤ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል እንጂ። ልጁ ወደ ፊት አጎንብሶ ይቀመጥ፤ የአፍንጫው ለስላሳ ክፍልም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳይለቀቅ ተጨምቆ ይያዝ። ነስሩ ከተመላለሰ ግን ምክንያቱ መፈለግ አለበት፤ በዚህ ዕድሜ፣ በወንዶች ላይ ብቻ ማለት በሚቻል ሁኔታ የሚወጣ፣ አንጂዮፋይብሮማ የሚባል በደም ሥር የተሞላ እጢ አለና። ከአፍንጫ በስተኋላ ተነሥቶ ወደ ጉንጭ፣ ወደ ዐይን ጉድጓድ፣ ሲብስም ወደ ራስ ቅል ይገፋል። «ምን እንደሆነ እንወቅ» ብሎ በተመላላሽ ክፍል ከዚህ እጢ ናሙና መቁረጥ ሕይወት የሚያሳጣ መድማት ሊያስከትል ይችላል። በሽታው በዋናነት የሚለየው በምስል ነው፤ ይኸውም በደም ሥር ቀለም ተሰጥቶ በሚነሣ ሲቲ ስካንና በኤምአርአይ። አገልግሎቱ ባለበት ማዕከል እጢውን የሚመግቡት የደም ሥሮች ከቀዶ ሕክምናው ከ1 እስከ 3 ቀን አስቀድመው ከውስጥ ይደፈናሉ። እንዲህም ሆኖ ደም መዘጋጀት አለበት፤ ስለዚህ ቤተሰቡ ደም እንዲለግስ ሲጠየቅ «ለአፍንጫ ደግሞ ምን ደም ያስፈልጋል?» ብሎ መሸሽ የልጁን ተራ ከማዘግየት በቀር የሚጠቅመው ነገር የለም።

በሕፃን ላይም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከአፍንጫ አናት ላይ ወይም ከውስጥ የሚታይ፣ ሲያለቅስ የሚያብጥ እብጠት ከአንጎል ሽፋን ጋር የተያያዘ ሊሆን ስለሚችል፣ ምስል ሳይነሣ በመርፌም ሆነ በምላጭ መነካት የለበትም።

ከልብ የሚያሳዝነኝ ግን የወጣው ሥጋ ሳይመረመር መጣሉ ነው። እጢው ወጥቶ፣ ታካሚው መተንፈስ ችሎ፣ «ፖሊፕ ነበር» ተብሎ ይሰናበታል፤ ቁራጩ ግን ፎርማሊን ባለበት ብልቃጥ ወደ ፓቶሎጂ (የሥጋ ናሙና ወደሚመረመርበት ክፍል) መሄድ ሲገባው የትም ሳይደርስ ይቀራል፣ ወይም ቤተሰቡ ለምርመራው የሚከፈለውን ለመቆጠብ ይተወዋል። ለዓይን ፖሊፕ የሚመስል ኢንቨርትድ ፓፒሎማ የሚባል እጢ አለ፤ በአብዛኛው በጎልማሶች ላይ በአንድ ወገን ይወጣል፣ ከሥሩ ካልተነቀለ ተመልሶ ያድጋል፣ ከ100 ታካሚዎች ከ5 እስከ 15 በሚሆኑት ላይም ወደ ካንሰር ይለወጣል ወይም ከካንሰር ጋር አብሮ ይገኛል። ይህ ስም በውጤት ወረቀት ላይ የተጻፈለት ሰው ቢሻለውም እንኳ ለዓመታት በካሜራ መታየት አለበት፤ አፍንጫው ስለተከፈተ ብቻ ቀጠሮውን መተው የለበትም።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። በግንባር ሳይነስ ውስጥ ለሌላ ጉዳይ በተነሣ ሲቲ ስካን በአጋጣሚ የሚገኝ ትንሽ የአጥንት እጢ፣ ማለትም ኦስቲዮማ፣ ሕመም ካልፈጠረና የሳይነሱን መውጫ ካልዘጋ፣ በየጊዜው እየተከታተሉ መተው ይቻላል። በእርግዝና ወቅት አፍንጫ ውስጥ የሚወጣ ቀይ የደም ሥር እጢም ከወሊድ በኋላ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። «እጢ» የሚለውን ቃል ሰምቶ ለቀዶ ሕክምና ንብረት መሸጥ አያስፈልግም።

በመጨረሻ የወረቀት ነገር አለ። ከቦንጋ፣ ከመቱ ወይም ከሚዛን ወደ ጅማ፣ ከጅማም 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው የሪፈር ወረቀቱን ካልያዘ የጤና መድኑ ላይሸፍንለት ይችላል። የቀድሞ ሲቲ ስካኑን ፊልም ሳያጥፍ፣ የፓቶሎጂ ውጤቱንም ከነቁጥሩ ይዞ ይሂድ፤ አዲሱ ሐኪም እጢው ከየት እንደተነሣና ምን ያህል እንዳደገ የሚያውቀው አሮጌውን ከአዲሱ ጋር አስተያይቶ ነው።