በራሱ የሚወስን ድሮን ስትሞክሩ እነዚህን ስህተቶች ራቁ

ዩኒቨርሲቲ ላብ ውስጥ ደጋግሜ የምሰማው አንድ ነገር አለ። "መቶ ጊዜ በሯል፣ አንዴም አልወደቀም።" ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። አንድም ውድቀት ካላያችሁ 3ን በሙከራው ቁጥር አካፍሉት፤ የምታገኙት የመውደቅ ዕድሉን ጣሪያ ነው። 100 በረራ ያለ ችግር ቢያልፍ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ማለት የምትችሉት የመውደቅ ዕድሉ ከ3 በመቶ አይበልጥም ብቻ ነው። ሰው በሚያልፍበት ግቢ ላይ 3 በመቶ በጣም ብዙ ነው!

ስለዚህ በረራ ከመቁጠር የሚጥለውን ነገር ፈልጉ። ኤካስ ኤክስ የተባለው የአውሮፕላን ግጭት መከላከያ እንዲህ ተፈትኗል። ከስታንፎርድ የመጡትን ጨምሮ ተመራማሪዎች ሌላ ፕሮግራም ሠሩ። የሱ ሥራ ሲሙሌሽኑን፣ ማለትም በኮምፒውተር የተመሰለውን በረራ፣ እየነካካ ግጭት የሚፈጠርበትን መንገድ ማደን ነበር።

ሁለተኛው፣ ማን እንደሚታዘዝ ሳይወስኑ መነሳት ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2002 ጀርመን ውስጥ ዩበርሊንገን ላይ ሁለት አውሮፕላኖች አየር ላይ ተጋጩ። የሩሲያውን አውሮፕላን መሬት ላይ ያለው የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ "ውረዱ" አለው፤ አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው የግጭት መከላከያ መሣሪያ ደግሞ "ወደ ላይ ውጡ" አለ። አብራሪዎቹ ወረዱ። ሌላኛውም መሣሪያው በነገረው መሠረት እየወረደ ነበር። 71 ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ።

እኛም ጋ ያው ነው። ሴፍቲ ፓይለቱ፣ ማለትም ችግር ሲመጣ ድሮኑን የሚረከበው ሰው፣ ሪሞት ይዞ ቆሟል፤ ጣቱ ወደ ማንዋል (በእጅ ወደ መቆጣጠር) መመለሻዋ ስዊች ላይ ነው። ድሮኑ በድንገት ወደ ግራ ታጠፈ። ተሳስቶ ነው ወይስ እንቅፋት እየሸሸ? በሰከንድ 10 ሜትር ለሚበር ድሮን፣ አንድ ሰከንድ ማመንታት 10 ሜትር ነው። ስዊቹ መቼ እንደሚነካ መሬት ላይ እያላችሁ ተስማሙ፣ ጻፉት፣ ተለማመዱት።

የሌላ አገር ቁጥር እንዳለ አትቅዱ። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ፕሮፔለሩ ያንኑ ክብደት ለማንሳት በፍጥነት መሽከርከር አለበት፤ ባትሪም ቶሎ ያልቃል። ባሕር ዳርቻ ላይ የተለካ የበረራ ጊዜ ኮዱ ውስጥ ካለ፣ ድሮኑ "ለመመለሻ ይበቃኛል" የሚለው በተሳሳተ ቁጥር ነው።

የመመለሻ ከፍታውንም አካባቢው ካለው ረጅም ዛፍና ሕንፃ በላይ አድርጉት። ሲግናል ሲጠፋ ብዙ ድሮን በዚያ ከፍታ ቀጥ ብሎ ነው የሚመጣው።

በመጨረሻ፣ ዛፉን በግማሽ ሜትር ስቶ ያለፈውን በረራ "ተሳክቷል" ብላችሁ አትመዝግቡ። ሎጉን (ድሮኑ የያዘውን የበረራ መዝገብ) የዚያኑ ቀን ክፈቱት። ድሮኑ ዛፉን ያየው በየትኛው ሰከንድ ነው? ጭራሽ ካላየው፣ ነገ አይነሳም።