የሚቀጥለውን የድሮ ቤዝቦል ካርድ ስብስብ እንዴት መምረጥ ይቻላል?

የድሮ ቤዝቦል ካርድ የሚሰበስብ ሰው የያዘውን ስብስብ ሳይጨርስ ዐይኑ ወደ ሌላው መሄዱ አይቀርም። የ1933ቱ የጎውዲ ኩባንያ ካርድ ደማቅ ቀለም፣ የ1956ቱ የቶፕስ ኩባንያ ካርድ ሰፊ የፊት ምስል፣ የ1971ዱ ጥቁር ጠርዝ፣ ሁሉም ልብ ይሰርቃሉ። በመልክ ብቻ የተመረጠ ስብስብ ግን ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ይቀራል። ሰው ተስፋ የሚቆርጠው መጀመሪያ ላይ አይደለም፤ ከ600 ካርድ 560ውን በቀላሉ ሰብስቦ የቀሩት 40ዎቹ ላይ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ምርጫው ከእነዚያ 40ዎቹ ይጀምር።

ለነገሩ አዲስ ለሆነ አንባቢ አንድ ሁለት ቃል፦ እነዚህ ካርዶች አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ ከሲጋራ፣ በኋላ ደግሞ ከማስቲካ ጋር በአንድ ፓኬት ይሸጡ ነበር። ፊታቸው ላይ የተጫዋቹ ምስል፣ ጀርባቸው ላይ ቁጥራቸውና የተጫዋቹ ውጤት አለ። አንድ ኩባንያ በአንድ ዓመት ያወጣቸው ካርዶች ከመጀመሪያው ቁጥር እስከ መጨረሻው ሲሟሉ ስብስቡ ሞላ ይባላል። በዘርፉ ትልቁ ስም ብሩክሊን ውስጥ የተመሠረተው የማስቲካ ኩባንያ ቶፕስ ነው፤ ተፎካካሪውን ቦውማንን በ1956 ገዝቶ ሜዳውን ለብቻው ያዘ።

1. ሦስት ዕጩ ይያዙ፣ አራተኛ አይጨምሩ

ወረቀት ላይ የሦስት ዓመታት ስብስቦችን ይጻፉ። ቢያንስ አንዱ አሁን ከያዙት በጣም የተለየ ይሁን። የ1975ቱን ቶፕስ የጨረሰ ሰው 660 ካርድ ሰብስቧል ማለት ነው። ከዚያ በቀጥታ 787 ካርድ ወዳለው ወደ 1972ቱ ቢገባ ድካሙ ሳይወጣለት ሌላ ተራራ ጀመረ። ከትልቅ ስብስብ በኋላ ትንሽ መያዝ ጥሩ ነው፤ የ1955ቱ ቶፕስ 206 ካርድ ብቻ ነው ያለው፣ የ1954ቱ ደግሞ 250።

2. የመጨረሻዎቹን ቁጥሮች ይመርምሩ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው።

ቶፕስ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የአንድን ዓመት ካርዶች በአንድ ጊዜ አያወጣም ነበር። በፀደይ የመጀመሪያውን ክፍል፣ በበጋ ቀጣዮቹን፣ የውድድር ዓመቱ ወደ ማለቁ ሲቃረብ ደግሞ የመጨረሻውን ይለቃል። ነሐሴና መስከረም ላይ የሰፈር ሱቆች የቤዝቦል ካርድ ማዘዝ ይቀንሳሉ፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሊመለሱ ነው፣ የአሜሪካ ፉትቦልም እየገባ ነው። የመጨረሻው ክፍል ጥቂት ተሸጠ፣ ጥቂት ተረፈ። ሰብሳቢዎች «ሃይ ነምበር» የሚሏቸው እነዚህ ካርዶች ናቸው። ካርዱ ላይ የተሳለው ተጫዋች ማንም የማያውቀው ተቀያሪ ቢሆን እንኳ ዋጋው የተራ ካርድ ዋጋ አይደለም።

የታወቀው ምሳሌ የ1952ቱ ቶፕስ ነው። ከ407ቱ ካርዶች ከ311 ጀምሮ ያሉት ዘግይተው ስለወጡ ገዢ አጡ፣ መጋዘን ውስጥም ዓመታት ተቀመጡ። ስብስቡን የነደፈው ሳይ በርገር እንደተናገረው በ1960 ቦታ ለማስለቀቅ ሲባል የተረፉት በጀልባ ተጭነው አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ተጣሉ። የዝነኛው ተጫዋች የሚኪ ማንትል ካርድ ቁጥሩ 311 ነው፤ የዚያ ክፍል የመጀመሪያው። በነሐሴ 2022 አንዱ በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ያ ካርድ ለየት ያለ ንጹሕ ስለነበር ነው፤ ነገር ግን የተጎሳቆለውም ቢሆን ለተራ ኪስ አይቀመስም። ባለጸጋ ካልሆኑ በቀር 1952ን ከዕጩዎችዎ ያውጡት።

ለሌሎቹም ይህንኑ ያድርጉ። የ1972ቱ አስቸጋሪ ክፍል ከ657 እስከ 787 ነው። የ1967ቱ ከ534 እስከ 609 ሲሆን እዚያው ውስጥ የቶም ሲቨርና የሮድ ካሩ የመጀመሪያ ካርዶች ተደብቀዋል፤ ብርቅነቱና ታዋቂነቱ አንድ ላይ ተደርበው ያስከፍላሉ። የ1957ቱ ደግሞ ያታልላል፦ ብርቁ ክፍል መጨረሻው ላይ ሳይሆን መሀል ላይ፣ ከ265 እስከ 352 ነው። ከ1974 ጀምሮ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለወጣ ይህ ጣጣ የለም። ለጀማሪ 1974ና 1975 የሚመከሩትም ለዚህ ነው።

3. ውድ የሆኑትን አምስት ካርዶች ለይተው ዋጋቸውን ይደምሩ

በየስብስቡ ዋጋውን የሚሸከሙት ጥቂት ካርዶች ናቸው። አብዛኞቹ «ሩኪ» የሚባሉት፣ ማለትም የታላላቅ ተጫዋቾች የመጀመሪያ ካርዶች ናቸው። የ1954ቱ የሃንክ አሮንን (128)፣ የኤርኒ ባንክስንና የአል ካላይንን ይዟል። የ1955ቱ የሮቤርቶ ክሌመንቴንና የሳንዲ ኮፋክስን። ትንሽ የሚባለው ስብስብ በድንገት ከባድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ብቻ የሚያሳየውን ማጣሪያ ይጠቀሙ። ሻጭ የጠየቀው ዋጋ ምኞት ነው፤ የተሸጠበት ዋጋ ነው ዋጋ። በሚፈልጉት የጥራት ደረጃ ለእያንዳንዱ የቅርብ ጊዜ አምስት ስድስት ሽያጭ ይዩና አማካዩን ይያዙ። የአምስቱን ድምር ሲያዩ ሆድዎ ከተረበሸ ስብስቡ ለዚህ ዓመት የእርስዎ አይደለም። የእቁብ ብር ሲደርስ ማንትልን እገዛለሁ የሚል ዕቅድም ዕቅድ ነው፤ ግን ዕጣው መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ ሰው ያቅደው።

እኔን ከጠየቁኝ፣ ከ1950ዎቹ ሁሉ ለገንዘቡ የሚበልጠው የ1956ቱ ቶፕስ ነው። 340 ካርድ ነው፣ እንደ ሌሎቹ የሚያስፈራ የመጨረሻ ክፍል የለውም፣ ከባድ ዋጋ ያለው ሩኪም የለበትም። ቢሆንም ማንትል (135)፣ ዊሊ ሜይስ፣ ቴድ ዊሊያምስ፣ ክሌመንቴ፣ ኮፋክስ ሁሉም አሉበት። ጃኪ ሮቢንሰንም አለ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ጨዋታ ስላቆመ ይህ ቶፕስ በተጫዋችነቱ ዘመን ያወጣለት የመጨረሻ ካርድ ነው። ካርዶቹ አግድም ናቸው፦ በአንድ በኩል ትልቅ ፊት፣ በሌላ በኩል የጨዋታ ትዕይንት። የሃንክ አሮንን ካርድ (31) ተጠግተው ይዩት። ከፊቱ ጎን እየተንሸራተተ ቤዝ የሚገባው ሰው አሮን አይደለም፣ ዊሊ ሜይስ ነው፤ የሌላ ቡድን ኮፍያ ቀብተውለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የአሮንን ፎቶ ገልብጠው አትመውት ግራኝ መስሎ ወጣ።

4. የጥራት ደረጃውን አስቀድመው ይወስኑ

ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች፣ በተለይ ፒኤስኤና ኤስጂሲ፣ ካርድን ከ1 እስከ 10 ይመዝናሉ፤ ማዕዘኑን፣ ጠርዙን፣ ገጽታውን፣ ምስሉ መሀል መቀመጡን ያያሉ። ለ1950ዎቹ ካርድ 4 ወይም 5 ለዐይን ያማረ ነው። ከ7 በላይ ሲወጣ ዋጋው ይሰቀላል፣ ልዩነቱን ግን በማጉያ ካልሆነ አያዩትም። አንድ ደረጃ ይምረጡና ይጽኑበት። ግማሹ ንጹሕ ግማሹ የተጨማደደ ስብስብ በአልበም ሲደረደር አያምርም፣ ሲሸጥም ገዢው በደካማዎቹ ይመዝነዋል።

የጠርዙ ቀለም ትልቅ ነገር ነው። የ1971ዱ ጥቁር ጠርዝ በትንሽ ንክኪ ነጭ ነጭ እያለ ይላጣል፤ ንጹሑን ማግኘት ፈተና ነው። የ1975ቱ ባለ ሁለት ቀለም ጠርዝና የ1955ቱ ቦውማን የእንጨት መልክ ያለው የቴሌቪዥን ሳጥንም እንዲሁ ይጎዳሉ። ነጭ ጠርዝ ያላቸው ብዙ ይቅር ይላሉ።

ከ1952 እስከ 1956 ያሉት የቶፕስ ካርዶች ደግሞ ኋላ ከመጡት ይተልቃሉ። ዘጠኝ ኪስ ያለው የተለመደ የአልበም ገጽ አይበቃቸውም፣ ባለ ስምንቱን መግዛት አለብዎት።

5. ሙሉው ከከበደ የአንድ ቡድን ካርዶችን ያስቡ

ማንም ሙሉውን እንዲሰበስቡ አላስገደደዎትም። የ1955ቱ ቶፕስ 206 ካርድ በጊዜው ለነበሩት 16 ቡድኖች ቢካፈል ለአንዱ የሚደርሰው በአማካይ 13 ገደማ ነው። በጥቂት ወራት የሚያልቅ ሥራ ነው።

ዋሽንግተንና አካባቢዋ ለሚኖር ሰው የከተማዋ የድሮ የቤዝቦል ቡድን የሴናተርስ ካርዶች ጥሩ ምርጫ ናቸው። በጆርጂያ አቬኑ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቆመበትን ቦታ የማያውቅ ሐበሻ እዚያ ከተማ ጥቂት ነው። የቡድኑ ሜዳ ግሪፊዝ ስታዲየም የነበረው እዚያ ነው፣ በ1965 እስኪፈርስ ድረስ። ማንትል በ1953 ሚያዝያ ወር 565 ጫማ ሄዷል የተባለውን ኳስ የመታው እዚያው ነው። የሴናተርስ ስብስብ ራስ የሃርመን ኪልብሩ የ1955 ካርድ (124) ነው። የ1969ኙ ደግሞ ቴድ ዊሊያምስን በአሠልጣኝነት ያሳያል (650)።

የከተማዋ አስቂኝ ስብስብ ግን የ1974ቱ ነው። የሳንዲያጎ ፓድሬስ ቡድን ወደ ዋሽንግተን ሊዛወር ነው ስለተባለ ቶፕስ ቸኩሎ በአንዳንዶቹ ላይ «ዋሽንግተን» ብሎ አተመ። ቡድኑ ሳይሄድ ቀረ፣ ቶፕስም ካርዶቹን አረመ። ጨዋታ ያላደረገ ቡድን ካርድ ግን አለ፤ ከእነዚያ አንዱ የዊሊ ማኮቪ (250) ነው። ከ1950ዎቹ ዝነኞች ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው፣ ለወሬም ይመቻል።

6. የሐሰቱን የመለየት ችሎታዎን ይፈትሹ

ዕጩው ስብስብ ዳግም የታተመ መሆን አለመሆኑን ይጠይቁ። ቶፕስ ራሱ በ1983 የ1952ቱን አትሟል፤ ያ ቅጂ 2½ በ3½ ኢንች ስለሆነ ከመጀመሪያው (2⅝ በ3¾) ያንሳል። ማስመሪያ ይዞ መሄድ አያሳፍርም። ባለ አሥር እጥፍ ማጉያም ይግዙ፦ በዋናው ካርድ ላይ ጥቁሩ ጽሑፍ ድፍን ሆኖ ይታያል፣ ከፎቶ በተገለበጠው ግን ፊደሉ ራሱ ከነጠብጣብ የተሠራ ነው።

መከርከምም አለ። ጠርዙ ያረጀ ካርድ በስለት ተስተካክሎ አዲስ ይመስላል። በሲጋራ ዘመኑ ቲ206 ስብስብ ውስጥ ያለው እጅግ ዝነኛው የሆነስ ዋግነር ካርድ 8 ደረጃ አግኝቶ ዓመታት ከቆየ በኋላ መከርከሙ በ2013 በፍርድ ቤት ታምኗል። ስለዚህ ውዶቹን ካርዶች ደረጃ ከተሰጣቸው ይግዙ፣ መያዣው ውስጥም ቢሆን ስፋታቸውን በዐይንዎ ይመዝኑ። ተራዎቹን እንዲሁ መግዛት ይበቃል፤ የሁለት ዶላር ካርድ አስመስሎ ለመሥራት የሚደክም የለም።

7. ሃያ ካርድ ገዝተው ይሞክሩ

ወስኛለሁ ካሉ በኋላም መቶ ካርድ በአንዴ አይግዙ። ከመረጡት ዓመት ሃያ ተራ ካርዶች ይግዙ፣ ቢቻል በካርድ ትርዒት ላይ በአካል። እጅዎ ይያዛቸው፤ የካርቶኑን ውፍረትና ጀርባው ላይ የቀረውን የማስቲካ እድፍ ይዩ። ሻጩን «መጨረሻው ስንት ነው?» ማለት እዚህም ያዋጣል፣ በተለይ ትርዒቱ ሊዘጋ ሲል፤ ጥሬ ገንዘብ የያዘ ሰው ይሰማል።

ሃያዎቹን ቤት ወስደው ጥቂት ሳምንት ይቆዩባቸው። ማታ ማታ እያወጡ የሚያዩአቸው ከሆነ ቀጣዩ ግዢዎ ከአምስቱ ውድ ካርዶች አንዱ ይሁን፤ ተራዎቹ የትም አይሄዱም፣ የነዚያ ዋጋ ግን አይጠብቅዎትም። መሳቢያ ውስጥ ከረሷቸው ደግሞ ሃያውን መልሰው ይሽጡና ወረቀቱ ላይ ወዳለው ሁለተኛ ዕጩ ይለፉ።