በየሁለት ወሩ የሚሰጠውን የኤች አይ ቪ መርፌ በቤት ወይስ በክሊኒክ?

ካቤኑቫ በሚል የንግድ ስም የሚታወቀው መርፌ ካቦቴግራቪርና ሪልፒቪሪን የተባሉ ሁለት መድኃኒቶችን የያዘ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2021 እ.ኤ.አ. ከተፈቀደ ወዲህ የዕለት ክኒን ለሰለቻቸው ወይም የክኒኑን ዕቃ ከቤተሰብ ዓይን መሸሸግ ለከበዳቸው አማራጭ ሆኗል። ነርስ ቤት ድረስ መጥታ የምትወጋበት አሠራርም በአንዳንድ አካባቢዎች አለ። ይህ ማለት ግን ራስን መውጋት አይደለም፤ መድኃኒቱ በግራና በቀኝ መቀመጫ ጡንቻ ውስጥ ጠለቅ ብሎ ስለሚሰጥ የሠለጠነ ባለሙያ የግድ ያስፈልጋል።

ቦታ ከመምረጥዎ በፊት መርፌው ለእርስዎ የሚሆን መሆኑን ከሐኪምዎ ጋር ያረጋግጡ። በተለመደው አሠራር የቫይረሱ መጠን አስቀድሞ በክኒን የተገታ መሆን አለበት። መርፌው ሄፓታይተስ ቢ የተባለውን የጉበት በሽታ አያክምም፤ ለቲቢ ሪፋምፒሲን፣ ለሚጥል በሽታም ካርባማዜፒን ወይም ፌኒቶይን የሚወስድ ሰው ሊጀምረው አይችልም።

በአንድ ወር ልዩነት የሚሰጡትን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች፣ መንገዱ ቢርቅም እንኳ፣ በክሊኒክ ቢወስዱ ይሻላል። አልፎ አልፎ ወዲያው ከተወጉ በኋላ የትንፋሽ ማጠር፣ ላብ ወይም የሆድ ቁርጠት ሊከሰት ስለሚችል ለ10 ደቂቃ ያህል በባለሙያ ዓይን ሥር መቆየት ያስፈልጋል። የተወጋው ቦታ ለጥቂት ቀናት ማመሙና ማበጡ የተለመደ ነው። ሰውነትዎ እንዴት እንደሚቀበለው ካወቁ በኋላ ወደ ቤት ማዛወሩ አያስቸግርም።

ሲያዛውሩ በቅድሚያ መድኃኒቱን ማን እንደሚያመጣው ይወስኑ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ መቀመጥ ስላለበት፣ በፖስታ ተልኮ ደጃፍ ላይ ቢውል ሊበላሽ ይችላል፤ አብሮዎት የሚኖር ሰውም ሊከፍተው ይችላል። ስለዚህ ነርሷ ራሷ ይዛው እንድትመጣ ይጠይቁ። ብዙ ሰው ቤትን የሚመርጠው በመጠበቂያ ክፍል ውስጥ የአገር ልጅ እንዳያየው ብሎ ነው። ሆኖም አማትና ልጆች በሚኖሩበት፣ እንግዳ በማይጠፋበት ቤት ነርስ በር ዘግታ ቆይታ ስትወጣ ጥያቄው ይብሳል፤ ቡና ሳትጠጪ አትሄጂም የሚላትም አይታጣም። እንዲህ ላለው ሰው ክሊኒኩ የተሻለ ምስጢር ጠባቂ ነው ብዬ አምናለሁ። አስተርጓሚ ካስፈለገዎት ዘመድ እንዲያስተረጉም አይገደዱም፤ ከሌላ ከተማ በስልክ የሚሠራ እንዲመደብልዎት፣ ስምዎም እንዳይነገረው መጠየቅ ይችላሉ።

ኢንሹራንስ መድኃኒቱን ሸፍኖ የነርሷን አገልግሎት ላይሸፍን ስለሚችል ሁለቱን ለየብቻ ይጠይቁ። የቫይረስ መጠን ምርመራም አይቀርምና ነርሷ ደም መውሰድ የምትችል መሆኗን አብረው ይጠይቁ።

የትም ቢወጉ ቀኑ ይከበር። ከቀጠሮው 7 ቀን ቀድሞ ወይም 7 ቀን ዘግይቶ መወጋት ይቻላል። ነርሷ ብትታመም ወይም በረዶ መንገድ ቢዘጋ ክሊኒኩ በዚያው ሳምንት ሊቀበልዎት መስማማቱን ከወዲሁ ያረጋግጡ። ለገና ወይም ለሠርግ አዲስ አበባ ሲሄዱ ቀጠሮው የሚያልፍ ከሆነ፣ መርፌውን እስከ 2 ወር የሚተካ ክኒን ከመነሳትዎ በፊት ሐኪምዎ እንዲያዝልዎት ይጠይቁ። መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ እየቀነሰ ለ12 ወራትና ከዚያም በላይ ስለሚቆይ፣ ቀጠሮ አሳልፎ ዝም ማለት ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲላመድ ዕድል ይሰጠዋል። መርፌውን ጨርሶ መተው የፈለገም ሰው ከመጨረሻው መርፌ በኋላ 2 ወር ሳያልፍ ሌላ ሕክምና መጀመር አለበት።