ሙሽሪትን ይዞ ወደ ቢሾፍቱ፦ ከሠርግ በፊት የሚደረግ የጓደኛሞች ጉዞ አዘገጃጀት

ከሠርግ በፊት ጓደኞች ሙሽራዋን ይዘው ከአዲስ አበባ ወጣ ብለው አንድ ሌሊት የሚያድሩበት ጉዞ፣ በአዳራሽ ከሚደረገው የብራይዳል ሻወር ግብዣ ጎን ለጎን እየተለመደ መጥቷል። ዝግጅቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው «የት እንሂድ?» በሚል ጥያቄ ነው፤ ይሁን እንጂ አስቀድሞ መቆረጥ ያለበት ቀኑ ነው፤ ቦታው፣ ምግቡና ወጪው ቀኑን ተከትለው የሚወሰኑ ናቸውና።

የኦርቶዶክስ ምእመናን ሠርግ በብዛት የሚውለው ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባለው ጊዜ ወይም ከፋሲካ ወዲህ ነው። ሠርጉ በጥር ከሆነ፣ አንድ ወር ቀደም ብሎ የሚደረግ ጉዞ ኅዳር 15 በሚገባው የነቢያት ጾም ውስጥ ይወድቃል። በዚህ ጊዜ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ የጾም ምግብ አሳምሮ የሚሠራ ማረፊያ መፈለግ፣ ወይም ከገና እስከ ጥምቀት ባለችው አጭር ክፍተት ለመሄድ ክፍሉን ቀደም ብሎ መያዝ። ዓሣ በጾም የሚበሉና የማይበሉ ጓደኞች በአንድ ማዕድ ሊቀመጡ ስለሚችሉ ይህም አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ሙስሊም ጓደኞች ካሉም ሥጋው ከየት እንደሚመጣ ወጥ ቤቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። የሠርጉ ሳምንት ግን ፈጽሞ አይመከርም። በፀሐይ የተቃጠለ ፊትና በሐይቅ ዳር ብርድ የመጣ ጉንፋን በጥቂት ቀን ውስጥ አይለቁም፤ ሙሽራዋም በዚያ ሳምንት በቬሎ ልክ፣ በፀጉር ቤትና በጥሪ ካርድ መካከል የምትሯሯጥ ናት። ሁለት ሳምንት ሲቀር መሄድ የተሻለ ነው። እንሶስላውም ለሠርጉ ዋዜማ፣ ለእናቶችና ለአክስቶች ቤት ይቆይ።

ለአንድ ሌሊት ጉዞ ቢሾፍቱ የምትመረጠው ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ በመራቋና ከዋና ከተማዋ ዝቅ ያለች ስለሆነች ሌሊቱ እንደ እንጦጦ የማይቀዘቅዝባት በመሆኗ ነው። ባቦጋያ፣ ሆራ አርሰዲ፣ ኩሪፍቱና የቢሾፍቱ ሐይቅ ሁሉም በቅርብ ርቀት የሚገኙ ሲሆን፣ በዳርቻቸውም ከውድ ሪዞርት እስከ መለስተኛ እንግዳ ማረፊያ ድረስ ይገኛል። ከመስቀል በኋላ በሚውለው የእሬቻ እሑድ ግን ወደ ሆራ አርሰዲ የሚጎርፈው ሕዝብ ብዙ ስለሆነ ክፍልም መንገድም አይገኝም፤ ያንን ሳምንት መዝለል ነው። ማደር የማይቻል ከሆነ እንጦጦ ፓርክ ለአንድ ቀን ይበቃል፤ የመናገሻ ሱባ ደን ደግሞ በእግር መሄድ ለምትወድ ሙሽራ እንጂ ረጅም ተረከዝ ለምትመርጥ አይሆንም።

ማረፊያው ሲያዝ በስልክ ከመስማማት ይልቅ ከእናንተ አንዷ ሄዳ ብታየው ይመረጣል። መጠየቅ ያለባቸው ነገሮች ብዙዎች የሚረሷቸው ናቸው፦ ቀብዱ ቀን ቢቀየር ይመለሳል ወይ? መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ የክፍሎቹን ሙቅ ውኃ ይሸፍናል ወይ? ከውጭ የገባ ኬክና መጠጥ ያስከፍላል ወይ? ሙዚቃ እስከ ስንት ሰዓት ይፈቀዳል? ፊኛና ጽሑፍ በፕላስተር ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ቀለሙን ልጦ ስለሚነሣ ቅጣት የሚያስከፍሉ ቤቶች አሉ። ሆቴሎች እያንዳንዱን አዳሪ ስለሚመዘግቡ ሁሉም መታወቂያ ይያዝ።

ጓደኝነት የሚፈተነው በገንዘቡ ላይ ነው። ሙሽራዋ እንደማትከፍል ሁሉም ይስማማል፤ ነገር ግን ስምንት ሰው ከሄደ ወጪው ለሰባት እንደሚካፈል በግልጽ የሚናገር አይኖርም፤ ሒሳቡ ሲመጣ ግራ መጋባት የሚፈጠረው በዚህ ነው። ስለዚህ አንዲት ገንዘብ ያዥ ትመረጥ፤ መዋጮውም ማረፊያው ከመያዙ በፊት በቴሌብር ወይም በባንክ ይግባላት። መጠኑን ስትወስኑ የሚዜ ልብስ፣ ስጦታና የሠርግ ቀን ሜካፕ ገና የሚጠብቃችሁ መሆኑን አትርሱ። ሥራ ያላገኘች ወይም ቤተሰብ የምትረዳ ጓደኛ ካለች «አልመቸኝም» ብላ እንድትቀር ከማድረግ ይልቅ፣ ለብቻዋ አነጋግሮ ቡናውን ወይም ዳቦውን አዘጋጅታ እንድትመጣ ማድረግ ይቻላል። በእኔ አስተያየት አንድ ሰው በገንዘብ ምክንያት ከሚቀር የማረፊያው ደረጃ ዝቅ ቢል ይሻላል።

ለመጓጓዣ አባዱላ ወይም ሌላ ሚኒባስ በኮንትራት መያዝ በየግል መኪናው ከመበታተን ይሻላል፤ መጠጥ የሚጠጣ ካለም መሪ የሚይዝ ሰው አያሳስብም። ከሹፌሩ ጋር ነዳጁ፣ የፍጥነት መንገዱ ክፍያ፣ የሹፌሩ አልጋና ምግብ በማን እንደሚሸፈን በቅድሚያ ተነጋገሩ። ዓርብ ማታ ከመውጣት ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መነሣት ይመረጣል፤ በቱሉ ዲምቱ በኩል የፍጥነት መንገዱን ከያዛችሁ በአቃቂና በዱከም ከሚጓዘው የጭነት መኪና ትገላገላላችሁ። የሙሽራዋን እናት የምታስፈቅደው ቤተሰቡ በደንብ የሚያውቃት ሚዜ ትሁን፤ «እትዬ፣ እሑድ ሳይመሽ እናደርሳታለን» የምትል አንዲት ስልክ ብዙ ጭንቀት ታስቀራለች። መንገዱ ሰላም መሆኑን በዋዜማው ማጣራትም አይዘንጋ።

አብዛኞቹ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ስለሆኑ ከዳር ብዙም ሳይርቁ ይጠልቃሉ፤ የቢሾፍቱ ሐይቅ 87 ሜትር ገደማ፣ ባቦጋያ ደግሞ 65 ሜትር ገደማ ይጠልቃል። ጀልባ ላይ የሚወጣ ሁሉ የሕይወት አድን ሰደርያ ይልበስ፤ መዋኘት የሚፈልግ የማረፊያውን ገንዳ ይጠቀም። ከተማዋ የአየር ኃይል መቀመጫ ስለሆነች ድሮን ይዞ መሄድ ጣጣ ማምጣት ነው።

የቅዳሜው ከሰዓት በኋላ በጨዋታ ብዛት መታጨቅ የለበትም። ከኢንተርኔት የተወሰደው፣ ሙሽራዋ የቀድሞ ፍቅረኛዋን እንድትዘረዝር የሚያስገድደው ጥያቄና መልስ፣ በተለይ የሙሽራው እህት ከተጋበዘች፣ ሁሉንም ያሸማቅቃል፤ እሷን ለመጥራትና ላለመጥራትም ቢሆን የምትወስነው ሙሽራዋ ራሷ ናት። ከዚህ ይልቅ ማረፊያው ከሰል የሚፈቅድ ከሆነ ረከቦቱ በረንዳ ላይ ይቅረብ፤ ቄጤማውን ከገበያ ገዝቶ መሄድ ይቻላል። ቡናው ሲቆላ ሁሉም በስልኩ ይቀርጻል፤ አቦሉ ሲጠጣ ወሬው ስለ አዳራሽና ስለ ዲጄ ይሆናል፤ ቶናው ላይ ስልኮቹ ይቀመጡና ያገቡት ጓደኞች ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ አማትና ስለ ደመወዝ አያያዝ መናገር ይጀምራሉ። አዘጋጇ እዚህ ላይ ልትሠራው የሚገባት ነገር ቢኖር፣ ምክሩ ስብከት እንዳይሆን ሙሽራዋ የልቧን የምትናገርበት ጊዜ መስጠት ብቻ ነው። በረካው ሳይጠጣ ኬክ አይቆረስ።

ፎቶ በተመለከተ ሙሽራዋ ሳታያቸው ቲክቶክም ሆነ ቴሌግራም ላይ እንዳይለጠፉ ከመነሣታችሁ በፊት ተስማሙ፤ የዋና ልብስ ፎቶ ለሠርግ እንግዳ ሁሉ እንዲደርስ የምትፈልግ ሙሽራ ብዙ አትገኝም።

እሑድ ክፍሉን የምትለቁበትን ሰዓት ከእንግዳ መቀበያው ጠይቁ፤ ቅዳሴ ለሚሄዱም ሹፌሩ በጠዋት ዝግጁ ይሁን። ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ከተነሣችሁ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው የእሑድ ማታ መኪና ሳይበዛ ትደርሳላችሁ። ገንዘብ ያዧም ደረሰኞቹን ፎቶ አንሥታ ሰኞ ዕለት ለሁሉም ትላክ፤ የተረፈው ብር ለየሰው ይመለስ ወይስ ለሙሽራዋ ስጦታ ይዙር የሚለውን በዚያው ቀን ወስኑ።