ውጭ አገር ሆኖ ለማግባት ያላገባ ማስረጃ ከጎጃም እንዴት ይወጣል?

ቤሩት፣ ዱባይ፣ ጆሃንስበርግ ወይም ሮም የሚሠራ ሰው እዚያው ላግባ ሲል መዝጋቢው ቀድሞ የሚጠይቀው ትዳር እንደሌለው አገሩ የሰጠውን ወረቀት ነው። ይህ በእኛ ዘንድ ያላገባ ማስረጃ ወይም የላጤነት ማስረጃ ይባላል። ቀበሌ ሄዶ ማውጣቱ ብቻውን ብዙ አያደክምም። ወረቀቱ ተቀባዩ አገር ደርሶ የሚመለሰው ባብዛኛው ስሙ ከፓስፖርቱ ጋር ሳይገጥም፣ አንድ ማኅተም ተዘሎ ወይም ጊዜው አልፎ ሲገኝ ነው።

ስለዚህ ወደ ቤተሰብ ከመደወልዎ በፊት የሚያገቡበትን መሥሪያ ቤት ይጠይቁ። ከኢትዮጵያ ኤምባሲ የሚሰጥ ወረቀት ይበቃል ወይስ ከትውልድ ቦታ መምጣት አለበት? በየትኛው ቋንቋ ይተርጎም? የእነማን ማኅተም ይኑርበት? ስንት ወር ያገለግላል? ጣሊያን ለምሳሌ በፍትሐ ብሔር ሕጓ አንቀጽ 116 የውጭ ዜጋ ለጋብቻው እንቅፋት እንደሌለበት ከአገሩ ባለሥልጣን ማስረጃ እንዲያመጣ ታዛለች፤ እዚያ ኑላ ኦስታ ይሉታል። ብዙ ቦታ ከ3 ወይም ከ6 ወር በላይ የቆየ ወረቀት አይቀበሉም። እንግዲህ ከሠርጉ ቀን ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ቶሎ ይድረስ ብሎ ከዓመት በፊት ማውጣት ሁለት ጊዜ መድከም ነው።

ቀጥሎ ውክልና ነው። ያሉበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቀርበው ይፈርማሉ። «በማንኛውም ጉዳይ ወክዬዋለሁ» በሚል ጠቅላላ ቃል አይርኩ፤ ያላገባ ማስረጃ ማውጣት፣ ማረጋገጥ፣ ማስተርጎምና መላክ የሚሉት በስማቸው ይጻፉ። ዋናው ውክልና አገር ቤት ሲደርስ መጀመሪያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የኤምባሲውን ፊርማ ያረጋግጣል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ይመዘገባል። ወኪል ሲመርጡ ዝምድናውን ብቻ ሳይሆን አዲስ አበባ ደጋግሞ መውረድ መቻሉን ይዩ። ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ዓባይ በረሃም መሐል ላይ አለ።

ወኪሉ የሚሄደው ከመውጣትዎ በፊት ይኖሩበት ወደነበረው ቀበሌ ነው። የውክልናውን፣ የፓስፖርቱንና የልደት ምስክር ወረቀቱን ቅጂ፣ የድሮ የቀበሌ መታወቂያ ካለ እሱን፣ አራት ጉርድ ፎቶም ይያዝ። የወሳኝ ኩነት (የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት) ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የነበረ ትዳር መዝገብ ላይ ላይገኝ ይችላል፤ ቀበሌው ምስክር የሚጠራውም ለዚህ ነው። ልጅነትዎን የሚያውቁ፣ መታወቂያቸው የታደሰ ሦስት ሰዎች ይዘጋጁ። ገጠር ከሆነ የገበያ ቀን፣ እንዲሁም በ12፣ በ21 እና በ29 አይሂዱ፤ ምስክሩም ሹሙም ወይ ገበያ ነው ወይ ቤተ ክርስቲያን።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ያላገባ» የሚለው ቃል ላይ ነው። በቤተሰብ ሕጉ በማዘጋጃ ቤት፣ በሃይማኖት ወይም በባህል የተፈጸመ ጋብቻ ሁሉም ጋብቻ ነው። «ማዘጋጃ ቤት አልፈረምኩም» ያለ ሰው በሰማንያ አግብቶ ከነበረ ላጤ አይባልም። ጎጃም ውስጥ ደግሞ በልጅነቷ ተድራ፣ ጥቂት ወር ኖራ፣ ወደ አባቷ ቤት ተመልሳ ከዚያ ዓረብ አገር የሄደች ሴት ብርቅ አይደለችም። ቤተሰብ «ያኔ ልጅ ነበረች፣ አይቆጠርም» ብሎ «አግብታ አታውቅም» ያስጽፋል። ኋላ የትዳር ቪዛ ሲጠየቅ ያ ቃል ከሌላ ወረቀት ጋር ከተጋጨ ማመልከቻው ሁሉ ይጠረጠራል። ትክክለኛው አጻጻፍ «አግብታ የፈታች፣ በአሁኑ ጊዜ በጋብቻ ያልታሰረች» ነው፤ የፍቺ ውሳኔውም አብሮ ይያያዛል። ሽማግሌ ፊት ብቻ የፈረሰ ትዳር ከሆነ ቀድሞ ወደ ፍርድ ቤት ይኬዳል፤ ፍቺን የሚወስነው እሱ ነውና። ባል ወይም ሚስት ከሞተ የሞት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ሴት ከፈታች ወይም ባሏ ከሞተ በኋላ 180 ቀን ሳይሞላ እንዳታገባም ሕጉ ይከለክላል፤ እርጉዝ አለመሆኗ በሐኪም ከተረጋገጠ ግን መጠበቅ አይኖርባትም።

ወኪሉ ወረቀቱን ተቀብሎ ከመውጣቱ በፊት እዚያው ጠረጴዛ ላይ ፎቶ አንሥቶ ይላክልዎ። ፓስፖርትዎን አጠገቡ አድርገው ፊደል በፊደል ያነጻጽሩ። ስም እስከ አያት ይሙላ፤ የቤት መጠሪያ ወይም የክርስትና ስም አይግባበት። የልደት ቀን ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ይባልበት፤ መስከረም 5 ቀን 1990 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. 1997 ሲሆን፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 1990 ዓ.ም. ግን 1998 ነው። ሁሉንም በ7 ዓመት የሚያሰላ ጸሐፊ አንድ ዓመት ያሳስትዎታል። ማኅተሙ የፎቶውን ጠርዝ ይንካ። ከፊርማው ሥር የፈራሚው ሙሉ ስምና ኃላፊነት ይጻፍ፤ ቀጣዩ ቢሮ የሚያረጋግጠው የዚያን ሰው ፊርማ ስለሆነ የማን እንደሆነ ካላወቀ ይመልሰዋል።

ከቀበሌ በኋላ መንገዱ ደረጃ በደረጃ ነው፦ ወረዳ ወይም ከተማ አስተዳደር፣ ክልል፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ በመጨረሻ የተቀባዩ አገር ኤምባሲ። ከቀበሌ በቀጥታ ውጭ ጉዳይ የሄደ ወረቀት ወደ ኋላ ይላካል። ትርጉሙን ፈቃድ ያለው ትርጉም ቤት ይሥራው፤ ተርጓሚው ስምዎን እንደሰማው ሳይሆን እንደ ፓስፖርቱ ይጻፍ። መንገድ ሲዘጋና ኔትወርክ ሲጠፋ ቀናት ስለሚበሉ ከሚያስቡት በላይ አንድ ወር ይጨምሩ።

ቀበሌው ስለ እርስዎ የሚያውቀው እስከወጡበት ቀን ያለውን ነው። አምስት ዓመት ውጭ ከኖሩ መዝጋቢው «ከዚያ ወዲህስ?» ማለቱ አይቀርም። ለዚህኛው ዘመን ከሚኖሩበት አገር መዝገብ የሚሰጥ ማስረጃ ወይም በኤምባሲው ፊት የሚፈርሙት የቃል ማረጋገጫ ይቀርባል። ሁለቱ ወረቀቶች በሁለት የተለያየ ስም አጻጻፍ እንዳይወጡ ኤምባሲው የሚሞላውን ቅጽ ከጎጃም በመጣው ቅጂ ላይ አይተው ይሙሉት።