የንጹህ ትራንስፖርት ግራንት ስትጠይቁ ከመኪናው አትጀምሩ

ካሊፎርኒያ ውስጥ ከበካይ ድርጅቶች የሚሰበሰብ ገንዘብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሕግ ከገንዘቡ ቢያንስ ሩቡ ብክለትና ድህነት ለበረታባቸው ሰፈሮች ጥቅም እንዲውል ያዛል። የጋራ የኤሌክትሪክ መኪናና ብስክሌት በዚህ ገንዘብ በግራንት፣ ማለትም በማይመለስ ድጋፍ፣ ይደገፋሉ። ኦክላንድ፣ ሎስ አንጀለስ ወይም ሳንዲያጎ ያላችሁ የኮሚኒቲ ማኅበራት፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል።

መጀመሪያ ካልኢንቫይሮስክሪን የሚባለውን ካርታ ክፈቱ። አድራሻ ስታስገቡ የአካባቢውን የብክለትና የኑሮ ጫና ነጥብ ያሳያችኋል። ውጤቱ መንገድ ሲሻገሩ ሊቀየር ስለሚችል የማኅበሩን ቢሮ ብቻ ሳይሆን አባላት የሚኖሩበትን ሰፈር ፈትሹ።

ቀጥሎ አመልካቹን ወስኑ። በብዛት የሚጠየቀው የመንግሥት አካል ወይም ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት መሆን ነው። ማኅበራችሁ ገና ካልተመዘገበ፣ ከተመዘገበና የሒሳብ አያያዝ ከሚያውቅ ድርጅት ጋር ተጣመሩ። አሮጌ መኪናውን ለመቀየር የሚፈልግ ግለሰብ ግን መንገዱ ሌላ ነው፤ ክሊን ካርስ ፎር ኦል ስለሚባለው ፕሮግራም ይጠይቅ።

ዋናው ሥራ ሰውን መጠየቅ ነው። ክሊን ሞቢሊቲ ኦፕሽንስ የተባለው ፕሮግራም ለፕሮጀክት ብቻ ሳይሆን የነዋሪውን ፍላጎት ለማጥናትም ለብቻው ገንዘብ የሰጠው ያለምክንያት አይደለም። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራው በምን ይመለሳል? እናቶች ሐኪም ቤት የሚሄዱት በማን መኪና ነው? ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ደጅ፣ ከገበያ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በትግርኛም ጠይቁ። ፍሬስኖ አውራጃ ውስጥ ያለችውን ሂዩረንን ተመልከቱ፤ የእርሻ ሠራተኞች ከተማ ናት፤ መኪና ያለው ለሌለው "ራይት" መስጠት፣ ማለትም በመኪናው ማድረስ፣ የቆየ ልማድ ነበር፣ እነሱም ይህንኑ ይዘው እ.ኤ.አ. በ2018 ግሪን ራይቴሮስ የተባለውን ሰው የማድረስ አገልግሎት በኤሌክትሪክ መኪና ጀመሩት። እኛም ዘንድ ሰው ሰውን ኤርፖርት ያደርሳል፣ ቀጠሮ ይወስዳል። ፕሮፖዛላችሁ ውስጥ ይህ ይግባ፣ በጣም ጠንካራ ነገር ነው!

በጀት ላይ አትሳሱ። መኪና መግዛቱ ቀላሉ ነው፤ ኢንሹራንስ፣ ጥገና፣ ቻርጀር የሚተከልበት ቦታ፣ ስልክ የሚያነሳና አማርኛ የሚችል ሠራተኛ ሁሉ ይጻፍ። ብዙ ግራንት ደግሞ መጀመሪያ ከኪሳችሁ አውጥታችሁ በደረሰኝ የሚተካ ስለሆነ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ቅድሚያ ክፍያ እንዳለ ጠይቁ። ለቻርጀሩ ቦታ የሚሰጠውን ባለንብረት ደብዳቤም ማመልከቻው ሳይከፈት በፊት በእጃችሁ አድርጉ።