ሁላ ለመጀመር፦ ከወገብ በፊት ጉልበት፣ ከጉልበት በፊት ቃል

የሃዋይ ጭፈራ ሲነሳ ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው በፍጥነት የሚርገፈገፍ ወገብ ነው። እሱ ግን በአብዛኛው የታሂቲ ውዝዋዜ ነው። ኦቴአ ይባላል። የሚታጀበውም ቶኤሬ በሚባል፣ ከግንድ ተፈልፍሎ በሚሠራ ከበሮ ነው። ሃዋይም ታሂቲም በፓስፊክ ውቅያኖስ ያሉ የፖሊኔዥያ ደሴቶች ናቸው፤ በመካከላቸው ግን ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ውቅያኖስ አለ። የሃዋዩ ሁላ ረጋ ያለ ነው። የሚጨፈረውም ግጥሙ ነው።

ለመጀመር ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ባዶ ቦታ ይበቃል። ጫማችሁን አውልቁ። ጉልበት የማይዝ ሰፊ ቀሚስ ወይም ቁምጣ ልበሱ።

የትኛውን ሁላ?

ሁላ ሁለት ዓይነት ነው። ጥንታዊው ካሂኮ በዜማ በሚወርድ ግጥም፣ ፓሁ በሚባል ከበሮና በቅል ይጨፈራል። ዘመናዊው አውአና ደግሞ በጊታርና በዩኩሌሌ ይታጀባል። ዩኩሌሌን ሃዋይ ያስገኘችው እ.ኤ.አ. በ1879 ከፖርቱጋሏ ማዴይራ ደሴት ለሸንኮራ አገዳ እርሻ ሥራ የመጡ ሰዎች ይዘውት ከገቡት ትንሽ ባለክር መሣሪያ ነው።

ብቻችሁን የምትጀምሩ ከሆነ አውአናን ምረጡ። ካሂኮ ያለ ኩሙ፣ ማለትም ያለ መምህር፣ ባይነካ ይሻላል። ብዙዎቹ ግጥሞች ከመምህር ወደ ተማሪ በአደራ የወረዱ ናቸው። አደራው ደግሞ ቀላል አይደለም። ንግሥት ካአሁማኑ ክርስትናን ከተቀበለች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1830 ሁላ በአደባባይ እንዳይጨፈር ከለከለች። የሚያውቁት ሰዎች በየመንደራቸው ለልጆቻቸው በድብቅ ማስተማራቸውን አልተዉም። ንጉሥ ካላካዋ እ.ኤ.አ. በ1883 በዘውድ በዓሉ ላይ በሕዝብ ፊት ሲያስጨፍር ግጥሙን በቃሉ የያዘ ሰው አላጣም። ዛሬ በሂሎ ከተማ በየዓመቱ ከፋሲካ ጋር ተያይዞ የሚካሄደው የሜሪ ሞናርክ ፌስቲቫል የተሰየመው በዚህ ንጉሥ ቅጽል ስም ነው። እዚያ ሁለቱም ዓይነቶች ለውድድር ይቀርባሉ። የውድድሩን ቪዲዮ ካገኛችሁ መጀመሪያ ካሂኮውን፣ ቀጥሎ አውአናውን እዩ። ልዩነቱ ወዲያው ይገባችኋል።

ቃሉን በፊደል ጻፉት

ጀማሪ ይሄን ደረጃ መዝለል ይወዳል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ይሄን ነው። አንድ አጭር ዘፈን ምረጡ፤ አራት ስንኝ ይበቃል። ትርጉሙን ፈልጉ። ከዚያ ቃሉን በእጃችሁ በአማርኛ ፊደል ጻፉት።

እኛ እዚህ ላይ ዕድለኞች ነን። በሃዋይ ቋንቋ ሁለት ተነባቢ ጎን ለጎን አይመጣም፤ ቃልም በተነባቢ አያልቅም። አናባቢዎቹ አምስት ብቻ ናቸው፦ ኡ፣ ኢ፣ አ፣ ኤ፣ ኦ። ስለዚህ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ ይበቁናል። ግዕዝና ሳድስ አያስፈልጉም። አናባቢው ረዘም የሚል ከሆነ ፊደሉ ላይ ሰረዝ አድርጉበት። ከዚያ እጃችሁን እያጨበጨባችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

ትርጉሙን ስትፈልጉ ካኦና የሚለውን ነገር አትርሱ። ካኦና በግጥሙ ውስጥ የተሰወረው ሐሳብ ነው። ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። ሌይ ማለት የአበባ ጉንጉን ነው፤ በግጥም ውስጥ ግን አንገት ላይ የሚንጠለጠል ልጅ ወይም የሚወደድ ሰው ሊሆን ይችላል። ይሄን ሳያውቅ የሚጨፍር ሰው እጁ አበባ ብቻ ያሳያል። የሚያውቅ ሰው ፊቱ ጭምር ይለወጣል።

አቋቋም

እግራችሁን በዳሌ ስፋት ከፈት አድርጋችሁ ቁሙ። ጉልበታችሁን እጠፉ፤ ጀርባችሁ ቀጥ ይበል። ዘፈኑ እስኪያልቅ ጉልበቱ እንደታጠፈ ይቆያል። በመጀመሪያው ቀን ጭናችሁ ይቃጠላል፤ ያ ደህና ምልክት ነው። ጉልበታችሁን ካመማችሁ ግን ትንሽ ቀና በሉ።

እስክስታ እየወረድን ላደግን ሰዎች ትልቁ ፈተና ትከሻ ነው። ዜማ ስንሰማ ትከሻችን ቀድሞን ይሄዳል። በሁላ ትከሻ ጸጥ ይላል። የሚናገሩት እግር፣ ዳሌና እጅ ናቸው። መስታወት ፊት ቆማችሁ ትከሻችሁን ብቻ እየተመለከታችሁ ተለማመዱ። ራስም እንዲሁ ነው። ወደ ጎን ስትሄዱ ከፍ ዝቅ ማለት የለበትም።

ካሆሎ

ካሆሎ የሁላ ዋና እርምጃ ነው። በደንብ ከያዛችሁት ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

1. ቀኝ እግርን ወደ ቀኝ።
2. ግራን ወደ ቀኝ አምጥታችሁ አጠገቡ አሳርፉ።
3. እንደገና ቀኝን ወደ ቀኝ።
4. ግራን አምጥታችሁ ንኩ፤ ክብደታችሁን ግን አታሳርፉበት።

አሁን ግራ እግር ነፃ ስለሆነ በእሱ ወደ ግራ ተመለሱ። አራት ወደ ቀኝ፣ አራት ወደ ግራ። ወገባችሁን ለማወዛወዝ አትሞክሩ። ጉልበቱ ታጥፎ ክብደት ከእግር ወደ እግር ሲዞር ዳሌ በራሱ ይወዛወዛል። ወገባቸውን በግድ የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች እርምጃው ይጠፋባቸዋል።

እጅ ለጊዜው ይሄን ብቻ ያድርግ፦ በምትሄዱበት አቅጣጫ ያለው ክንድ በደረት ቁመት ወደ ጎን ይዘርጋ፤ ሌላው ክርኑ ታጥፎ ደረት ፊት ይሁን። አቅጣጫ ስትቀይሩ እጆችም ይቀያየራሉ።

ሌሎቹ እርምጃዎች

ሄላ፦ አንድ እግርን ወደፊት ሰያፍ ዘርግቶ መሬት መንካትና መመለስ፤ ከዚያ በሌላው። አሚ፦ ጉልበት እንደታጠፈ ዳሌን በዝግታ ክብ ማዞር። ኡዌሄ፦ አንድ እግር አንስቶ ማሳረፍ፣ ወዲያው ሁለቱንም ተረከዝ ብድግ አድርጎ ጉልበትን ወደፊት መግፋት። ኡዌሄ ከባድ ነው። ካሆሎ ሳይረጋ አትጀምሩት።

እጅና ዓይን

ወደ ግጥሙ የምንመለሰው እዚህ ጋ ነው። ለዝናብ ጣቶች እየተርገበገቡ ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። ለአበባ የጣት ጫፎች ይሰበሰባሉ። ለፍቅር እጆች ደረት ላይ ይነባበራሉ። አንድን ቃል የሚያሳየው እንቅስቃሴ ከመምህር መምህር ይለያያል፤ ስለዚህ አንድ አስተማሪ ምረጡና በእሱ ጽኑ።

ዓይን እጅን ይከተላል። እጅ ተራራ እያሳየ ዓይን ወለል ካየ፣ ተመልካቹም የሚያየው ወለሉን ነው። ሃዋይ ውስጥ ለተማሪ የሚነገር የቆየ አባባል አለ፦ ዓይን ይይ፣ ጆሮ ይስማ፣ አፍ ይዘጋ። በተለይ ቪዲዮ እያያችሁ ስትማሩ ያስፈልጋችኋል። መጀመሪያ ሳትንቀሳቀሱ አንድ ሙሉ ዙር ተመልከቱ።

ቅሉ

ሁላ የሚመታበት ኢፑ እኛ የምናውቀው ቅል ነው። የተክሉ መነሻም አፍሪካ ነው። የሃዋይ ባለሙያዎች ሁለት ቅል አጣብቀው ትልቁን ይሠራሉ፤ ለቤት ግን አንዱ ይበቃል።

በደንብ የደረቀ፣ ሲያንኳኩት ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጥ ቅል ግዙ። አናቱን በመጋዝ ቁረጡ። ውስጡን በውኃ አርሱትና ፍሬውን ፍቃችሁ አውጡ። ሲደርቅ አፉን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። አቧራው ሳንባ ስለሚያስቆጣ ማስክ አድርጉ።

አመታቱ ሁለት ድምፅ ነው። የቅሉን ቂጥ በታጠፈ ፎጣ ወይም ብርድ ልብስ ላይ መምታት “ኡ” ይባላል። ጎኑን በጣቶች መምታት ደግሞ “ቴ” ነው። ባዶ ሲሚንቶ ላይ ግን እንዳትሞክሩት፣ ይሰነጠቃል። በ“ኡ ቴ፣ ኡ ቴ” ጀምሩ። ምቱ ሲረጋ “ኡ፣ ኡ ቴ ቴ” በሉ።

አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይምታ። ሌላው ቃሉን እያለ በካሆሎ ይሂድ። ጭን ሲቃጠል ተለዋወጡ።